ከኤረር በር እስከ ቆሮሚ

የአንድ አገር ታሪክ በተነገረ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ጆሮአችን የሚደርሰው የነገሥታቱ፥ የጦር አለቆቹና የትላልቆቹ ከተሞች ስም ነው። ይህ መሆኑ አያስነቅፍም፤ ታላቅ ሥራ የሠራ ሰውና ታላቅ ነገር የተደረገበት ስፍራ ሊታሰብ ይገባዋልና። ነገር ግን ከተሞቹን በእህልና በማገዶ፥ በአትክልትና በወተት ሲረዱ የኖሩት፥ ማዘጋጃ ቤትም ማኅተምም ቅጥርም የሌላቸው ትንንሽ የገጠር መንደሮች ታሪክ ወዴት ተጽፎ ይገኛል? ይህን ጥያቄ በጕብዝናችን ጊዜ ለራሳችን አቅርበነው ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። እኛ ግን ያቀረብነው ዘግይተን፥ እርሱም አንድ ተማሪያችንን ከበደልን በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢያችን የምናቀርበው ጽሑፍ እኵሌታው ታሪክ፥ እኵሌታው ኑዛዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የማስተማር ሥራ በጀመርንበት ዘመን የተከራየነው ቤት በሐረር ጀጎል ውስጥ፥ ከኤረር በር ብዙ በማይርቅ ጠባብ መንገድ ዳር ነበር። ጎሕ ሲቀድና የመስጊዶቹ አዛን ሲያበቃ፥ ከገጠር የመጡ ሴቶች በዚያ በር መግባት ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ ማገዶ በጀርባቸው አዝለው፥ አንዳንዶቹ ወተት በዕቃ ይዘው፥ ሌሎቹም አትክልትና ጫት በራሳቸው ተሸክመው ያልፋሉ። እኛም በመኝታችን ሆነን የእግራቸውን ኮቴና የጨዋታቸውን ድምፅ እየሰማን እንነሣ ነበር። በየማለዳው የሚቀሰቅሱን እነርሱ ሆነው ሳለ፥ ከወዴት እንደሚመጡ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

ስለ በሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የጀጎል ጥንታውያን በሮች አምስት ናቸው። በአማርኛ ሸዋ በር፥ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በርና ቡዳ በር ይባላሉ። የከተማው ተወላጆች የሆኑት ሐረሪዎች ግን በራሳቸው ቋንቋ አስመዲን በሪ፥ አሱም በሪ፥ አርጎብ በሪ፥ ሱቁታት በሪና በድሮ በሪ ይሏቸዋል። በዚህ መሠረት እኛ ኤረር በር የምንለው ለሐረሪዎች አርጎብ በሪ፥ ማለት የአርጎባ በር ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል በተቀመጠ ጊዜ የበሮቹን ስም ሲመዘግብ፥ ይህን በር በሁለቱም ስሞቹ ጽፎታል። ከሁለቱ ስሞች አንደኛው መንገዱ የሚወርድበትን ሸለቆ፥ ሁለተኛው በመንገዱ የሚመጣውን ሕዝብ ያመለክታል። እኛም በየቀኑ ሁለት ጊዜ በዚህ በር ሥር ስናልፍ፥ ሸለቆውን በሩቅ ከማየት በቀር ስለ ሕዝቡ ያሰብነው ነገር አልነበረም።

ከተማሪዎቻችን አንዱ ከቆሮሚ መንደር የመጣ ልጅ ነበር። ቆሮሚ ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከኤረር ሸለቆ በላይ በገደል አፋፍ ላይ የምትገኝ የአርጎቦች መንደር ናት። ልጁ በጀጎል ከዘመድ ዘንድ አርፎ ይማር ነበር። የሳምንቱ ትምህርት ሲያበቃ ወደ መንደሩ በእግሩ ይመለሳል፤ ሲመጣም ስንቁን በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ይመጣል። ትጉህና ዝምተኛ ነበር።

አንድ ቀን ለክፍሉ ተማሪዎች «የትውልድ ስፍራዬ ታሪክ» በሚል ርእስ ሁለት ገጽ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝን። ልጁ ያቀረበው ወረቀት በላዩ ላይ «ቆሮሚ» የሚል ስም ብቻ የተጻፈበት ነበር፤ የቀረው ባዶ ነው። ጠርተን ምክንያቱን ጠየቅነው።

«መምህር፥ በቤተ መጻሕፍት ፈልጌ አጣሁ። ስለ እኛ የተጻፈ የለም» አለን።

«እንግዲያውስ ስለ ሐረር ጻፍ። የሐረር ታሪክ ያንተም ታሪክ ነው» ብለን መለስንለት። ይህን የተናገርነው በቅን ልብ ነበር፤ እንዲያውም ብልህ ምክር የሰጠን መስሎን ደስ ብሎናል።

ልጁም ታዘዘ። በሳምንቱ ሁለት ገጽ ሞልቶ አመጣ። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከ1552 እስከ 1567 እንደ ገዛ፥ የጀጎልን ቅጥር እንዳሠራ፥ በ1559 ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግቶ ንጉሡ በጦርነቱ እንደ ወደቁ ጻፈ። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ከተማውን እንደ ያዙ፥ በ1887 መጀመሪያ ላይ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ እንደ ገቡና ራስ መኰንን እንደ ተሾሙ አስከተለ። ዘመኑ አልተሳሳተም፤ ፊደሉም የተስተካከለ ነበር። ከዐሥር ዘጠኝ ሰጠነው፤ ለክፍሉም አነበብንለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ያ ልጅ ስለ መንደሩ አንድ ቃል ሲናገር አልሰማንም። እንግዳ ሰው መጥቶ የመጣበትን ስፍራ ሲጠይቀው «ከሐረር ነኝ» ማለት ጀመረ። እኛም ይህን ሰምተን ነገሩን እንደ ዕድገት ቈጠርነው።

ዘመን አለፈ። እኛም ከሐረር ወደ ሌላ አገር ተዛወርን። ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በተጻፈ ጊዜ፥ 82 መስጊዶችና 102 ቅዱሳን መካናት እንዳሉበት በዜና ሲነገር በሩቅ ሆነን እንደ አገራችን ሰው ተደሰትን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጕዳይ ወደ ሐረር ተመልሰን በፈረስ መጋላ ስናልፍ፥ ጠጕሩ መሸበት የጀመረ ሰው ከኋላችን በስማችን ጠራን። ያ ተማሪያችን ነበር። እርሱም በተራው መምህር ሆኖአል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከቦርሳው የተማሪ ደብተር አወጣና፥ «መምህር፥ ያን የቤት ሥራ አሁን እየሠራሁት ነው» አለን። ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኛ ግን ፈገግታውን ልንመልስ አልቻልንም። የመጀመሪያዋ ወረቀት፥ ያች ባዶዋ፥ ወዲያው ትዝ አለችንና።

በማግሥቱ ወደ ቆሮሚ ወሰደን። ከጀጎል የምንወጣው በኤረር በር እንዲሆን ፈለገ፤ እኛም እሺ አልን። እኵሌታውን መንገድ በኪራይ መኪና፥ የቀረውን በእግር ሄድን። የማሽላ እርሻና የጫት ተክል እያለፍን ወደ አፋፉ ስንጠጋ፥ ቤቶቹ ከድንጋዩ ኰረብታ ተለይተው አይታዩም ነበር፤ ከኰረብታው ጋር አብረው የበቀሉ ይመስላሉ። በቀረብን ጊዜ ግን የሰው እጅ ሥራ ታየ። የድንጋይ ግድግዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው፥ በመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ትተው ተሠርተዋል። የድንጋዩ አጠራረብ የጀጎልን ግንብ ያስታውሳል። ከበታች የኤረር ሸለቆ እስከ ዐይን መድረሻ ተዘርግቶ ይታያል። ይህን የመሰለ ስፍራ የመረጠ ሰው አስቀድሞ ያሰበው ስለ ምቾት ሳይሆን ስለ ደኅንነት እንደ ነበረ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሐረር በቅጥር ተጠበቀ፤ ቆሮሚ ቅጥር የሚያሠራ አሚር ስላልነበራት በገደል ተጠበቀች።

በአንድ ቤት ውስጥ የመንደሩ ሽማግሌ ተቀበሉን። እኅታቸውም በአጠገባቸው ነበሩ። ከተቈላ የቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ በወተት ቀረበልን። ሽማግሌው የሚናገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ ተማሪያችን ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። ስለ ሕዝባቸው አመጣጥ ስንጠይቃቸው አባቶቻቸው የነገሩአቸውን አወሩን፤ የአርጎባ አባቶች እስልምናን ይዘው ከዐረብ አገር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው ይባላል። «አርጎባ» የሚለውን ስም «ዐረብ ገባ» ከሚለው ቃል የሚያወጡ ብዙዎች ናቸው። ሌሎች ደግሞ የአርጎባ ሕዝብ ከይፋት ሱልጣኔት ጋር የተያያዘ መሆኑን ይናገራሉ። በይፋት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ1285 ጀምሮ እንደ ገዛ፥ ከይፋት መውደቅም በኋላ የዚያው ቤት ሱልጣኖች በምሥራቅ በአዳል እንደ ገዙ፥ በ1520 ላይም መናገሻው ወደ ሐረር እንደ ተዛወረ በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬም በሸዋ፥ በወሎና በአፋር ወሰን አርጎቦች ይገኛሉ። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄዱ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የአርጎቦች ገበያ ነበረች። እንግዲህ ከአንኮበር ግርጌ እስከ ኤረር አፋፍ ድረስ አንድ ሕዝብ በረጅሙ የንግድ መንገድ ግራና ቀኝ ተበትኖ ኖሮአል ማለት ነው።

ስለ ስሙ ፍቺ የሚነገረውን ከሽማግሌው ጋር ለመከራከር አልደፈርንም። ይሁን እንጂ ቋንቋው ራሱ የሚመሰክረው ሌላ ነገር አለ። አርጎብኛ የዐረብኛ ልጅ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ከሚነገሩት የሴም ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፥ ከሁሉ የሚቀርበውም ለአማርኛችን ነው። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በ1997 የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። እኛ በጽሑፍ ሀ፥ ሐና ኀ እያልን ለይተን እንጽፋቸዋለን እንጂ በአፋችን አንለያቸውም፤ በብዙ ቃላትም መጀመሪያ ድምፁን ጨርሰን ውጠን ትተነዋል። አርጎብኛ ግን አማርኛ የጣለውን ይህን ድምፅ በብዙ ቃላት ጠብቆ ቈይቶአል። ብዙ ሰው አማርኛ ወደ ሐረር የደረሰው በ1887 ከሸዋ ሠራዊት ጋር እንደ ሆነ ያስባል፤ እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። የአማርኛ እኅት የሆነችውን ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ግን ከዚያ ዘመን በፊት ስሙ በከተማው በር ላይ ተጠርቶ ነበር።

«እዚህ አርጎብኛ የሚናገር ሰው አለ?» ብለን ጠየቅን። በሐረር ዙሪያ የሚገኙት አርጎቦች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚናገሩት ኦሮምኛ መሆኑን ሰምተን ነበር፤ ቢሆንም ከመጠየቅ አልተቈጠብንም። ሽማግሌው ዝም አሉ። የመለሱልን እኅታቸው ናቸው።

«አያቶቻችን ይናገሩት ነበር ሲባል እንሰማለን። እኛ ጋ ሲደርስ ጥቂት ቃል ብቻ ቀረ፤ እርሱም ተረሳ» አሉ።

«ማን ከለከላችሁ?»

«ማንም አልከለከለንም። ጎረቤቱ ኦሮሞ ነው፤ ገበያው በኦሮምኛ ነው፤ ከእነርሱ ተጋባን። እናት ለልጅዋ የምትነግረው ጎረቤት በሚሰማው ቋንቋ ነው። መቼ እንደ ሄደ ያየ ሰው የለም።»

እኒህ እናት ይህን የተናገሩት በኀዘን አልነበረም፤ የዝናሙን መዘግየት እንደሚናገር ገበሬ በቀስታ ነው የተናገሩት። ኀዘኑ የተሰማን እኛ ነን። በኦሮምኛ መናገራቸው ከጎረቤት ጋር በሰላም የመኖራቸው ምስክር ስለ ሆነ፥ የሚያሳዝን አይደለም። የሚያሳዝነው አርጎብኛው ሲሄድ አንድ ሰው እንኳ በአጠገቡ ተቀምጦ ቃሉን አለመጻፉ ነው። በርተን በጀጎል ዐሥር ቀን ተቀምጦ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ አፋፍ ላይ ሰዎች ትውልድ ከትውልድ ሲተካኩ ኖሩ፤ ተማሪያችን በቤተ መጻሕፍት የፈለገው አንድ ገጽ ግን አልተገኘላቸውም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ወደ ውጭ አወጡንና በኰረብታው ጐን ያሉትን የእርሻ እርከኖች አሳዩን። እያንዳንዱ እርከን የሚጠራበት ስም አለው፤ ስሙም ድንጋዩን መጀመሪያ የደረደረው ሰው ስም ነው አሉን። ተማሪያችን እነዚህን ስሞች በደብተሩ በተራ ጽፎአቸዋል። ቀጥሎም የምንጮቹን ስም፥ የመቃብሮቹን ስፍራ፥ ከየቤቱ ማን ከማን እንደ ተወለደ ጽፎአል። «አንዳንዱ እርከን ፈርሶአል፤ ስሙ ግን አለ። ስሙ ከጠፋ ማን መልሶ ይደረድረዋል?» አሉ ሽማግሌው። እኛም ይህን አባባል በመገረም ሰማነው። ለእርሳቸው የቦታ ስም ለጨዋታ የሚነሣ ወግ ሳይሆን የአደራ ሰነድ ነበር፤ አንድ እርከን ስም እስካለው ድረስ ባለቤት አለው፤ ባለቤት እስካለው ድረስ ይጠገናል።

ስለ አርጎባ በር ስንጠይቃቸው ሣቁ።

«አያቴ በዚያ በር እህል ይዞ ይገባ ነበር። ሲመሽ በሩ ይዘጋል። የዘገየ ሰው ውጭ ያድራል፤ ከጅብ ጋር ነዋ! እንግዲህ በሩ በስማችን ይጠራል፤ ሲዘጋ ግን እኛ ውጭ ነን» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ባርሲሳ» አሉን፤ መምህር ማለታቸው ነው። «አንተ በዚያ በር አጠገብ ኖረሃል ይለኛል ይህ ልጅ። መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ሳትጠይቅ እንዴት ኖርህ?»

ይህን ለመውቀስ አልተናገሩትም፤ በእውነት ገርሞአቸው ነው የጠየቁት። እኛም መልስ አጣን። ወደ ተማሪያችን ዞር ብለን ስናይ ዐይኑን ወደ ሸለቆው አድርጎ ነበር፤ ጥያቄውንም ወደ አማርኛ የመለሰልን እርሱ ራሱ ነው። በዚያው ስፍራ፥ በሽማግሌው ፊት፥ የዚያን የድርሰት ነገር አንሥተን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም፥ «መምህር፥ እርስዎ የነገሩኝ ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር እንጂ። የሐረር ታሪክ የእኔም ታሪክ ነው። ነገር ግን የእኔም ታሪክ የሐረር ታሪክ መሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለን።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ልንጨምር አንችልም። ለልጁ የሰጠነው ዘጠኝ ነጥብ ለተጻፈው ድርሰት ተገቢ ነበር። ጥፋታችን ባዶውን ወረቀት እንደ ስንፍና መቍጠራችን ነው። ያ ወረቀት ግን ከሁሉ ይልቅ እውነተኛው ድርሰት ነበር፤ ስለዚያች መንደር በመጻሕፍት ውስጥ ያለውን ሁሉ በትክክል አስረድቶ ነበርና። የእኛ ተግባር መሆን የነበረበት፥ «መጽሐፍ ከሌለ ወደ አያትህ ሂድ፤ የሚነግሩህንም ጻፍ» ማለት ነበር። ያን ጊዜ ብለነው ቢሆን ኖሮ የልጁ አያት በሕይወት ነበሩ። ምናልባት ከእርሳቸው አፍ ጥቂት የአርጎብኛ ቃላት ይገኙ ነበር፤ ዛሬ ግን አይገኙም።

ማታ ወደ ጀጎል በኤረር በር ተመልሰን ገባን። በሩ ዛሬ በማታ አይዘጋም። ከበሩ ሥር ቆመን ግንቡን ተመለከትን። በ2006 የተደረገው ምዝገባ ይህን ቅጥርና በውስጡ ያለውን ከተማ የሚመለከት ነው፤ የተገባም ሥራ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ላለው ግን መዝገብ የሚከፍተው ማን ነው? በአገራችን እንደ ቆሮሚ ያሉ መንደሮች ስንት እንደ ሆኑ የሚቈጥራቸው የለም። በእያንዳንዱ ግን የእርከኑን፥ የምንጩንና የመቃብሩን ስም የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፤ ቍጥራቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ከተማሪዎቻችሁ አንዱ ባዶ ወረቀት ያቀረበላችሁ እንደ ሆነ ከመቈጣት በፊት ምክንያቱን መርምሩ። የመንግሥት ሠራተኞችም ለግብር ወይም ለመንገድ ሥራ ወደ አንድ መንደር በወረዳችሁ ጊዜ፥ ከሕዝቡ ቍጥር ጋር የቦታዎቹን ስም በመዝገባችሁ ጨምሩ። ተማሪዎች ደግሞ በዕረፍት ወራት ወደ ወላጆቻችሁ ስትመለሱ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ያዙ፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አያስፈልግም።

ተማሪያችን አሁን በሚያስተምርበት ክፍል ያን የእኛን ርእስ ሳይለውጥ ይሰጣል፤ «የትውልድ ስፍራዬ ታሪክ» ይላል። በርእሱ ሥር ግን አንድ ትእዛዝ ጨምሮበታል፤ «ከመጽሐፍ መገልበጥ አይፈቀድም፤ ጠይቃችሁ ጻፉ» የሚል ነው። ከተማሪዎቹ ድርሰቶች ጥቂቱን ለማንበብ ሰጥቶን ነበር። የፊደል ግድፈት ይበዛባቸዋል፤ ነገር ግን አንዱም ባዶ አልነበረም።